እትዬ በላይነሽና የሉጋኖው ሐሙስ

እትዬ በላይነሽ ዐርፈዋል። ይህን ቃል ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ብዕር አንሥቼ መልሻለሁ። አርባቸው ሊወጣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ግን፣ በሮምም በሌላም አገር ያላችሁ የሚያውቋቸው ሁሉ አንድ ነገር እንድትሰሙልኝ ፈለግሁ። የምጽፈው ምስጋና ብቻ አይደለም። እሳቸውን ተቀይሜ የኖርኩ ሰው ነኝ።

መርዶውን የሰማሁት እሳቸው ራሳቸው ባጸኑልን ወግ ነው። ማክሰኞ ማለዳ በኤስኲሊኖ ሰፈር የምኖርበት ቤት ደወል ተደወለ። በሩን ስከፍት የረጅም ጊዜ ጓደኛቸው ጥሩወርቅ ከሁለት ሴቶች ጋር ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረጃው ላይ ቆመዋል። እኔም ከመጠየቄ በፊት ዐይኔ አራተኛዋን ሴት ፈለገ። በሮም እንዲህ ባለ ሰዓት፣ እንዲህ ባለ በር ላይ፣ እትዬ በላይነሽ ሳይኖሩ ተቁሞ አያውቅም። አለመኖራቸው ነገረኝ።

እትዬ በላይነሽ የሰላሌ ሰው ነበሩ። ሮም የገቡት በወጣትነታቸው የሰው ቤት ሠራተኛ ሆነው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ዕድሜያቸውን ሽማግሌና አሮጊት ሲጦሩ ኖሩ። መጨረሻ ላይ እሳቸውም አርጅተው ከሚጦሯቸው ሰዎች የሚያንሱት በጥቂት ዓመት ብቻ ነበር። «እኔና ሲኞራ ማን ማንን እንደሚደግፍ አናውቅም፤ ብቻ እስካሁን ሁለታችንም አልወደቅንም» ብለው ይስቁ ነበር።

ከሚጦሯቸው ሴቶች አንዷ በእጃቸው ላይ ሲያርፉ፣ የሟችዋ ልጅ የሚኖረው በከተማው ሌላ ጫፍ ነበር። የሕንጻው ጠባቂ «ደውዪለት እንጂ» ብትላቸው እምቢ አሉ። የሟችዋን ገላ አጠቡ፣ ፀጉራቸውን አበጠሩ፣ የሚወዱትን ሰማያዊ ሻርፕ አለበሷቸው። ከዚያ አስከሬኑን የሚጠብቅ ጎረቤት አስቀምጠው በሁለት አውቶቡስ ወደ ልጁ ሄዱ። ሰውየው ሰምቶ «ለምን አልደወልሽልኝም?» ብሎ ጮኸባቸው፤ ወዲያው ደግሞ ትከሻቸው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ይህን ሲነግሩን በሰውየው አልተቀየሙም። «ስልክ እጅ የለውም» አሉን። «ሰው ሲወድቅ አይዝም።»

በእኛም መካከል ያለው የመርዶ ነገር ሁሉ በእሳቸው በኩል ነበር። ከአገር ቤት ሰው ሲሞት ዘመድ የሚደውለው ለእሳቸው ነው። እሳቸው የሟቹን ልጅ ወይም እኅት አድራሻ ያፈላልጋሉ፣ ሁለት ሦስት ሰው ያሰባስባሉ፣ ማለዳ ይሄዳሉ፣ እስከ ሠልስቱም ከዚያ ቤት አይጠፉም። ከዚህ የተነሣ ሳይታሰቡ በር ላይ ሲቆሙ የሚደነግጠው ብዙ ነበር። አንዷማ ገና በመስኮት ስታያቸው «ማን ሞተ?» ብላ ኡኡ አለች። «ኧረ ሽንት ቤት አስጠቅሚኝ ብዬ ነው!» አሉ። ይህን ተረት አድርገነው ስንስቅ ኖረናል።

አሁን ወደ ቅያሜዬ ቀን፣ ወደዚያ ሐሙስ ልምጣ።

ያኔ እኔ የአንድ ሽማግሌ ባልና ሚስት ቤት አዳሪ ሠራተኛ ነበርኩ። ታናሽ ወንድሜ ታደለ ስዊዘርላንድ ሉጋኖ ከተማ ጥገኝነት ጠይቆ ይኖራል፤ ወረቀቱ ከዚያ አገር አያስወጣውም። የእኔም ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ለእድሳት ገብቶ ስለዘገየ ድንበር አያሻግረኝም ነበር። ስንት ዓመት በስልክ ብቻ ኖርን። ፔርሜሶዬ ወጥቶ እጄ በገባ በሳምንቱ እትዬ በላይነሽ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ክንዴን ያዙኝ።

«መሠረት፣ ሐሙስ ስዊዘርላንድ ለሽርሽር እንሄዳለን። ባቡርም መርከብም አለው። ታደለንም ታዪዋለሽ።»

«ሙሉ ሐሙስ? ሲኞራ ከሰዓቱን እንጂ መች ትለቀኛለች!»

«አሎራ፣ እሷን ለእኔ ተዪልኝ። አነጋግሬያታለሁ፤ ቫ ቤኔ፣ እሺ ብላለች።»

ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ የራሷ የሆነ ሴት ሙሉ ቀን ሲሰጧት አትመረምርም። ሲኞራም በነጋታው ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ጉንጬን ሳመችኝ፤ እሱንም አልመረመርኩም። የምለብሰውን ቀሚስ እያሰብኩ ነበር።

በማለዳ ከሮም ተነሣን፤ እትዬ በላይነሽ፣ ጥሩወርቅና ሌሎች ሁለት ሴቶች፣ እኔም አምስተኛ ሆኜ። ሁሉም ወፋፍራም ቦርሳ ይዘዋል። «ምንድን ነው ይህ ሁሉ? ድፎ ነው?» ብዬ ቀለድኩ። «ነጠላ ነው» አሉ እትዬ። «እዚያ ይበርዳል።» ሚላኖ ላይ ባቡር ከቀየርን በኋላ ደግሞ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«ስልክሽን ስጪኝ። አንቺ ተራራውን እዪ፤ እኔ ፎቶ አነሣሻለሁ።»

እትዬ በላይነሽ ፎቶ ማንሣት አያውቁም ነበር። የት እንደሚጫን አሳየኋቸው። ስልኬን እስኪመሽ አልመለሱልኝም።

ድንበሩ ላይ ፖሊሶች ወረቀት ሲጠይቁ ፔርሜሶዬን ሳይጠሩኝ አወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ተራሮቹ እስከ ወገባቸው ደን ለብሰው ቀጥ ብለው ከውኃው ይነሣሉ። ባቡሩ ሐይቁን የሚያቋርጥ ጠባብ መንገድ ላይ ሲወጣ ውኃው በግራም በቀኝም ሆነ፤ እየተንሳፈፍን የምንሄድ መሰለኝና መስኮቱን ይዤ ጮኽኩ። ዞር ስል ጥሩወርቅ ታለቅሳለች። «ምን ሆነች?» አልኩ። «ከፍታ ሲያይ እንባ የሚመጣው ሰው አለ» አሉ እትዬ፤ ጥሩወርቅንም በክርናቸው ጎሸም አደረጓት።

ታደለ ጣቢያው ላይ የተዋሰውን ኮት ለብሶ ቆሞ ነበር። ተቃቅፈን ስንለቃቀቅ እትዬ በላይነሽ የሱንም ስልክ ጠየቁት። «የመሠረት ባትሪው ሊያልቅ ነው። ያንተንም ስጠኝ፤ ላንሣችሁ።» እሱም ሰጠ። ሁለታችንም እንደ ሕፃን የተባልነውን ሰጠን።

ከዚያ መርከቡ። ነጭ ነው፣ ላዩ ክፍት ነው፣ የቀኑ ፀሐይም ደግ ነበር። ተራራው ጥግ ላይ የተለጠፉ መንደሮች እያለፉ፣ ከደረጃቸው ሥር ውኃ የሚነካቸው ቤቶች እያየን ሄድን። ታደለ እስክስታ ወረደ። እኔ አጨበጨብኩ። የማናውቃቸው ፈረንጆችም አጨበጨቡ። ለብዙ ዓመት እንዲህ ስቄ አላውቅም ነበር። የወንድሜን አንገት አቅፌም እንዲህ አልኩ፦

«እትዬ፣ ይህቺን በደንብ አንሡልን፤ ለእማዬ እልካታለሁ። እኔና ታደለ አብረን ስንስቅ ትየን።»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ ውኃው ዞሩ። እትዬ በላይነሽ ብቻ አልዞሩም። ስልኩን በሁለት እጃቸው ከፍ አደረጉ። «ተጠጋጉ» አሉን። «ገና። ተጠጋጉ።»

ሰዎች ከሥራ በሚወጡበት ሰዓት ወደ ታደለ ቤት ወጣን። አንድ ክፍል ናት። አብሮት የሚኖረው ጓደኛው ከፍቶላቸው የሉጋኖ ሐበሾች ተሰብስበው ቆመዋል፤ ወንበር አልተቀመጡም። ከኋላዬ የቦርሳ ዚፕ ሲከፈት ሰማሁ። ስዞር አራቱም ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እትዬ በላይነሽ የእኔንና የታደለን እጅ አንድ ላይ ያዙ።

«ልጆቼ፣ እናታችሁ ቅዳሜ ዐርፈዋል። በክብር ተቀብረዋል። አልቅሱ። ይህ የራሳችሁ ቤት ነው፤ ማንም ዝም በሉ አይላችሁም።»

ከዚያ ያለውን መርዶ የደረሰው ሁሉ ያውቀዋል። ስልኬን ሲመልሱልኝ ከአዲስ አበባ የተደወለና ያልተነሣ ጥሪ ሞልቶበታል። ሥሩ ፎቶዎች አሉ። በሁሉም እየሳቅሁ ነው።

ያን ሳቅ ነው ይቅር ያላልኩት። እናቴ አፈር ውስጥ ሆና እኔ መርከብ ላይ አጨበጨብኩ። ሁሉም ሲያውቅ እኔ ብቻ ሳላውቅ ጨፈርኩ። ለአንድ ዓመት ያህል እትዬ በላይነሽን ቤተ ክርስቲያን ሳያቸው በሌላ በር ወጣሁ። በመጨረሻ ኤስኲሊኖ ገበያ ውስጥ፣ ቅመም ከሚሸጥበት ፊት ለፊት አገኙኝ። የማመልጥበት አልነበረም። «ለምን አሳቁኝ?» አልኳቸው፤ ሰው እስኪዞር ድረስ ጮኼ።

ከረጢታቸውን መሬት አስቀመጡ።

«የሰው ቤት አዳሪ ነበርሽ፤ ሰው ቤት ደግሞ አይለቀስም። ብትጮኺ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራብሻል። በፈረንጅ አገር የእናትሽ ልጅ ቤት ያለው ሉጋኖ ነው፤ ስለዚህ ወሰድኩሽ። የዚያ ሰዎች እስኪሰበሰቡ የነበረውን ሰዓት ግን ምን ላድርገው? ጣቢያ ላስቀምጥሽ? ሐዘን ዕድሜ ልክ አብሮሽ ይኖራል፤ አይቸኩልም። ከወንድምሽ ጋር የምትስቂባት አንዲት ቀን ብትኖርሽ ብዬ ነው።»

«እኔ አልለመንኩዎትም።»

«ልክ ነሽ» አሉኝ። እኚያ ሴት በገበያ መሐል፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ጎንበስ ብለው ጉልበቴን ሊይዙ እጃቸውን ሰደዱ። «አጥፍቻለሁ። ይቅር በዪኝ።» ደንግጬ አነሣኋቸው። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ። በአፌ ነው ያልኩት። ከዚያ በኋላ ሰላምታችን ተመለሰ፤ ልቤ ግን አልተመለሰም ነበር። እሳቸው ይህን ያውቁ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ሰው የማያውቁ ሴት አልነበሩም።

እትዬ በላይነሽ ልጅ አልወለዱም። ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ ታደለን እንደ ልጃቸው ይዘውት፣ እሑድ እሑድ ሳይደውሉለት አይውሉም ነበር። ስለዚህ ባለፈው ወር ደረጃዬ ላይ የቆሙት ሴቶች አልቅሰን ከተቀመጥን በኋላ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው። «ለታደለ ማን ይንገረው?» ሁሉም እኔን አዩኝ። ሞባይሌ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ማንም አልነካውም።

ሐሙስ ማለዳ እኔና ጥሩወርቅ ተነሣን። ለታደለ «ዕረፍት አግኝቻለሁ፤ መጣሁ» ብቻ ብዬዋለሁ። በዚያው ባቡር፣ በዚያው ድንበር፣ ውኃው በግራና በቀኝ በሚሆንበት መንገድ ላይ ሄድን። መስኮቱ ጥግ ተቀምጬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእትዬ በላይነሽ ወገን ሆኜ አየሁት። ቦርሳዬ ጉልበቴ ላይ ነው፤ ነጠላዬ ውስጡ ነው። ያን ሁሉ ሰዓት ይህን ተሸክመው ፊታቸውን እንዴት እንዳላጠቆሩ አላውቅም። እኔ ሉጋኖ እስክደርስ ሁለት ጊዜ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጥቤአለሁ።

ታደለ ጣቢያው ላይ በራሱ ኮት ቆሞ ጠበቀን። ምሳ አዘጋጅቷል፤ ስለ ሥራው ያወራል፣ ይስቃል። የእሱም ሰዎች ከሥራ እስኪወጡ ጥቂት ሰዓት ቀርቶናል። ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። ከአፌ የወጣውን ያወቅሁት ከወጣ በኋላ ነው።

«ታዴ፣ ስልክህን ስጠኝ። ፎቶ ላንሣህ።»

ሳቁ ቆመ። እኔን አየ፣ ከዚያ ጥሩወርቅን፣ ከዚያ ቦርሳችንን። እትዬ በላይነሽ ከእኛ ጋር የሉም። ወንድሜ ሞኝ አይደለም። ስልኩን ከኪሱ አወጣ፣ ትንሽ ያዘው፣ መዳፌ ላይ አኖረው።

«እሺ» አለ። «መጀመሪያ ግን መርከቡን እንሳፈር። እትዬ ቢሆኑ እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት።»

ተሳፈርን። ማናችንም አልሳቅንም። ግን አብረን ተቀምጠን፣ ተራራው ሲያልፍ እያየን፣ ማንም ቃሉን ሳይናገረው አንድ ዙር ዞርን። ያኔ ገባኝ። እትዬ በላይነሽ ያን ቀን ከእኔ አንዳች አልሰረቁም። ከሐዘኔ ላይ ጥቂት ሰዓት ቆርጠው ለእኔና ለወንድሜ ሰጡን፤ ዕዳው ደግሞ በእሳቸው ላይ ሆነ፣ ቅያሜዬን ጨምሮ።

እትዬ በላይነሽ፣ የዚያን ሐሙስ ፎቶዎች አሁን ከፍቼ ሳይ ውያለሁ። ብዙዎቹ ጠማማ ናቸው፤ በአንዱ ተራራው አለ፣ የእኔ ራስ የለም። እርስዎ በአንዱም የሉም። የሁለታችንን ስልክ ይዘው ማን ያንሣዎት? ጥጉ ላይ ግን በየፎቶው አውራ ጣትዎ ገብቷል። ከዚያ ቀን ያለኝ መልክዎ እሱ ነው።

ኤስኲሊኖ ላይ ይቅርታ የለመኑት እርስዎ ነበሩ። ዛሬ የምለምነው እኔ ነኝ፤ ዘግይቼ፣ ያውም በጽሑፍ። እግዚአብሔር ነፍስዎን በደጋጎቹ ዘንድ ያሳርፍልን። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርዎ። ያቺን መርከብ ላይ የተነሣናትን ፎቶ ለእማዬ ሳልልክላት ቀርቻለሁ። በስልክ አይነገርም ይሉ ነበርና፣ እንደ ልማድዎ ራስዎ ይሂዱላት። በሩ ላይ ስታይዎት አትደነግጥም። ልጆችሽ አብረው ሲስቁ በዐይኔ አይቻለሁ ብለው ይንገሩልኝ።