ቤት የሚገባበት መሳቢያ

እንጅባራ ላይ ሰኔ ሲገባ ጭጋጉ ከሰው ቀድሞ ቢሮ ይገባል። ባጃጆቹ ጠዋት መብራታቸውን አብርተው ነው የሚያልፉት፤ አጠገብህ እስኪደርሱ ድረስ ድምፃቸው እንጂ መልካቸው የለም። ያን ዕለትም የማስታወቂያ ሰሌዳው መስታወት በእርጥበት ታውሮ ስለነበር በነጠላዬ ጫፍ ጠርጌ ነው ያነበብኩት። ሁለት የሪከርድና ማህደር ሠራተኞች ይፈለጋሉ፤ በኮንትራት፣ ለክረምቱ ብቻ። መሥሪያ ቤቱ ወደ አዲሱ ሕንፃ ሊዛወር ስለሆነ የቆዩት ማህደሮች ከዚያ በፊት በፊደል ተራ መደርደር አለባቸው ይላል። የትምህርት ማስረጃ፣ የሲኦሲ ማረጋገጫ፣ የጽሑፍ ፈተና፣ የተግባር ፈተና። እኔ ግን «በፊደል ተራ» የሚለው ላይ ቀረሁ። ከሀ ተነሥቶ ፐ ላይ የሚያርፍ ረጅም ሰልፍ ጭጋጉ ውስጥ ታየኝ፤ ማንም ማንንም ሳይጋፋ፣ ሁሉም ቦታውን አውቆ የቆመበት።

«አንቺ ፈዛዛ፣ ምዝገባው ሊዘጋ ነው!» ብላ እህቴ ክንዴን ጎተተችኝ።

ታላቄ ናት፤ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። እኔ ኮሌጅ ከጨረስኩ ወዲህ እሷ የተከራየቻት አንዲት ክፍል ውስጥ ተጠግቼ፣ በየሰሌዳው ሥር መቆምን ሥራ አድርጌው ነበር። ፈዛዛ የምትለኝ ያለ ነገር አይደለም። ሻይ ጥጄ መጣዴን እረሳለሁ፤ ወተት ግዢ ተብዬ ወጥቼ ጭጋጉ ዛፎቹን አንድ በአንድ ሲውጥ ሳይ ቆይቼ ባዶ እጄን እመለሳለሁ።

አባታችን ፋሲካ ላይ ቁርጡን ነግሮኛል። አገራችን ከአዲስ ቅዳም ከተማ በእግር ገባ ያለ ቀበሌ ነው። ድሮ ጤፍ የምናበቅልበት መሬት ዛሬ ዲከረንስ የሚሉት የከሰል ዛፍ ተተክሎበት፣ ዛፉ ተቆርጦ፣ ተከምሮ፣ አፈር ለብሶ ከሰል ይሆናል። «ሥራ ካገኘሽ እሰየው» አለኝ፤ «ካላገኘሽ ግን ሐምሌ ሳይገባ ቤት ግቢ።» ክፉ ሰው አይደለም። እህቴ ላይ መክበዴ እየከነከነው፣ ብቻውንም ስለደከመ ነው። እኔ ግን ፈራሁ። ጭሱን አይደለም የፈራሁት። አንዴ ከተመለስኩ የሚያወጣኝ ሰሌዳ እዚያ የለም።

ይህን ሁሉ የተናገረው በአዊኛ ነው። ቤትን እኛ ጝን እንላለን። ይህች ጝ በአማርኛው የፊደል ገበታ ላይ የለችም፤ ን እና ግ ተቃቅፈው በአፍንጫ ሲወጡ የምትሰማ ድምፅ ናት። የሰፈራችን ትምህርት ቤት በአዊኛ ሲያስተምረን ከነዘሮቿ ከገ ቀጥላ፣ ከጠ በፊት ተሰክታ ነበር የተዋወቅናት፤ ገን የመሰለች፣ አናቷ ላይ ጭረት የደፋች። ከተማ ስንገባ ጠፋች። ኮሌጅ ሳለሁ ኮምፒውተሩ ላይ ፈልጌ ፈልጌ አጥቻታለሁ፤ የምታስተምረን መምህርትም ምን እንደምፈልግ ስነግራት ሳቀችብኝ።

የጽሑፍ ፈተናው ብዙም አላስቸገረኝም። የተግባሩ ዕለት ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ሲቀጠቅጠው ዋለ። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ድምፃቸውን ለማሰማት የማይጨነቁ ሴትዮ ናቸው።

«በያዛችሁት ካርቶን ውስጥ ያለውን በፊደል ተራ ደርድሩ» አሉ። «ማውራት የለም፤ መጠየቅም የለም። ሀው ሃሌታው ይሁን ሐመሩ እኔ አልነግራችሁም።»

ካርቶኔን ስከፍት አቧራው ሽቅብ ተነሣ፤ ደስ የሚል ሽታ ነበረው፣ የደረቀ ሣር ዓይነት። መሬት፣ መንገድ፣ ሠራተኛ፣ ሰብል፣ በጀት፣ ባህል፣ ብድር። ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ አስቀደምኩ። እጄ እየሠራ እኔ ወደዚያ ሰልፍ ገባሁ፤ እያንዳንዱን ማህደር ክንዱን ይዤ ወደ ቦታው የማደርሰው እስኪመስለኝ። እንደዚያ ዓይነት ሰላም ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። ይህንን ሥራ ወደድኩት፣ ከልቤ ወደድኩት፤ ያን ጊዜም ይበልጥ ፈራሁ።

ከካርቶኑ ግርጌ አንድ ወፍራም ማህደር ወጣ። ዞኑ በአዊኛ መጻጻፍ በጀመረበት ሰሞን የተከፈተ ይመስለኛል። ጀርባው ላይ በእጅ ጽሑፍ ጝን ይላል።

እኔ ግን ጽሑፍ አላየሁም። ቤት ነው ያየሁት። ጎንበስ ብለው የሚገቡበት በር፣ ደጁ ላይ የታሰረው ፈረስ፣ ከማዶ ደግሞ አፈር የለበሰው ክምር ዝናብ እየወረደበት ሰማያዊ ጭስ ሲተፋ። አባቴ ላስቲክ ደርቦ ክምሩ እንዳይሰነጠቅ ዙሪያውን ይዞራል። ዞሮ ሳይጨርስ «በቃ፣ እጅ ወደ ላይ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጠረጴዛዬ ላይ የቀረ ነገር አልነበረም፤ ማህደሩን የሆነ ቦታ አስገብቼዋለሁ።

ኃላፊዋ እየዞሩ አዩ። ለካ በየካርቶኑ ጝን የሚል ማህደር ከተውበት ኖሯል። አንዱ ጝንን ገ ውስጥ ከትቶታል፤ አንዷ ን እና ግ ነው ብላ ነ ውስጥ አስገብታዋለች፤ አንዱ ጠረጴዛው ጥግ ላይ እንደማያውቀው እንግዳ ለብቻው አስቀምጦታል። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ከገ እስከ ጠ ያለውን በጣታቸው ገፋ ገፋ አደረጉት።

«የአዊኛው ማህደር የታለ?»

«አስገብቼዋለሁ» አልኩ፤ የት እንደሆነ ግን አላውቅም።

ከፊት ጀምረው ፈለጉ። ከባህል ቀጥሎ፣ ከብድር በፊት አገኙት። አወጡት፤ መነጽራቸውን አደረጉ።

«ይኼ ምን ሊሠራ በ ውስጥ ገባ?»

«ቤት ስለሆነ» አልኳቸው።

«የቱ ጋ ነው ቤት የሚለው?»

ያኔ አየሁት። ጝን። ፊቴ እሳት ሆነ። ከኋላዬ ያለው ተፈታኝ ሳቁን መያዝ አቃተው። «አንብቤው ነው…» አልኩ።

«ማንበብሽን ማን ጠየቀሽ? ደርድሪ ነው የተባልሽው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለመሆኑ ትክክለኛ ቦታውን ታውቂዋለሽ?» አሉ።

«ከገ ቀጥሎ፣ ከጠ በፊት።»

«እንዲያውም አውቀሽ ነው የተሳሳትሽው» ብለው በቀይ እስክሪብቶ ቀነሱብኝ። «ስህተት ስህተት ነው።»

ልወጣ ስል ግን ጠሩኝ። ከግድግዳው ሥር ሌላ ካርቶን ጎትተው ከፈቱ፤ የማህደሮቹ ጀርባ በሙሉ በአዊኛ የተጻፈ ነው። እያነሡ አሳዩኝ፤ እያነበብኩ በአማርኛ ነገርኳቸው። በኋላ ካርቶኑን ዘጉና፣ «እነዚህንስ ወደ አማርኛ ቤት ታስገቢያቸዋለሽ?» አሉኝ።

«ሁለተኛ አላስገባም።»

«ሂጂ በይ፣ ዝናቡ ጋብ ብሏል» አሉ።

ለእህቴ ወድቄያለሁ አልኳት። ጝንን ቤት ብዬ በ ውስጥ እንዳስገባሁ ስነግራት መጀመሪያ በሳቅ ፈረሰች፤ ቀጥላ ፊቷን አዙራ ልብሴን ማጣጠፍ ጀመረች። ሐምሌ እየመጣ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያሉት ቀናት ምንም አይታወሱኝም፤ ጭጋግና የታሰረ ሻንጣ ብቻ። ውጤት ተለጠፈ ሲባል አልሄድም ብዬ ነበር፤ እህቴ ናት እየገፋች የወሰደችኝ። መስታወቱን በነጠላዬ ጠረግሁ። አንደኛ የወጣው የዳንግላ ልጅ ነው። ከሱ ሥር የኔ ስም አለ። ሰው እያየኝ አለቀስኩ፤ ምንም አላፈርኩም።

ለአባቴ ብደውል ኔትወርክ የለም። በማግስቱም የለም። የገበያ ዕለት መልእክት የምልክበት ሰው ፈልጌ አጣሁ፤ ከዚያ ሥራው ዋጠኝ። ኃላፊዋ የአዊኛዎቹን ካርቶኖች ለኔ ሰጥተውኝ፣ ከገ እና ከጠ መካከል አንድ ሙሉ መሳቢያ አስለቅቀውልኝ ነበር። የገን ማህደሮች ወደ ግራ፣ የጠን ወደ ቀኝ ስናሸጋሽግ ዋልን። የካርቶን ቁራጭ ቆርጬ ጝ ብዬ ጻፍኩና መሳቢያው ፊት ላይ ለጠፍኩ።

ሐምሌ በገባ በሳምንቱ ገደማ፣ ጭጋጉ መስኮቱ ላይ ተኝቶ ሳለ፣ አንድ ሰው ከውጭ ቆሞ በመስታወቱ ሲያየኝ አየሁ። ባርኔጣው ላይ ፌስታል አጥልቋል። ሕልም መስሎኝ ትንሽ ዝም ብዬ አየሁት። አባቴ ነው፤ ቦታውን እህቴ ጠቁማዋለች።

ሮጬ ወጣሁ። ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም፣ በአዊኛ፣ «ሐምሌ ገባ» አለኝ።

«እኔም ሥራ ገባሁ፣ አባባ።»

ኃላፊዋ ከውስጥ «አስገቢያቸው እንጂ! ዝናብ ላይ ነው እንዴ አባት የሚቆመው?» አሉ። ከመሳቢያዬ አጠገብ ወንበር ሰጠሁት። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መደርደሪያውን፣ ካርቶኑን፣ እኔን አየ። ማንበብ አይችልም። መሳቢያውን ሳብኩለት።

«ይኼ የፊተኛው ምን ይላል?»

«ጝን።»

በጣቱ ነካው። ጥፍሩ ሥር ከሰሉ አለ፤ በውኃ የሚለቅ አይደለም። ጣቱን ከማህደሩ ላይ አላነሣም።

«ሐምሌ ሳይገባ ጝን ግቢ ብዬሽ ነበር» አለ።

«አዎ።»

«ገብተሻላ።»

ከዚያ ወደ ጣሪያው ቀና አለ። «ያፈሳል እንዴ?»

«ጥጉ ጋ ትንሽ።»

ተነሥቶ ጥጉ ጋ የነበረውን ካርቶን አቀፈና ወደ መሐል አመጣው። መልሶ አልተቀመጠም። ባርኔጣውን ፌስታሉን እንዳጠለቀ ደፍቶ፣ ሚኒባሱ ሳያመልጠው ብቻውን ወደ አገር ቤት ተመለሰ።