በጆሮዬ ያነበብኩት መጽሐፍ

ልጅ ሳለሁ ያልተቃና እጅ ካደግሁም በኋላ አልተቃናምና፣ ጽሑፌ ቢያስቸግራችሁ ወይም ፊደል ገድፌ ብታገኙኝ ይቅርታ አድርጉልኝ። አሁን አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ስምንተኛ ክፍልን ያለፍኩት በሁለተኛው ሙከራ ነው፤ ይህንንም የምጽፈው ከመስመሩ ሥር ማስመሪያ እያስቀመጥኩ፣ አንዱን ቃል ሦስት ጊዜ እያየሁ ነው። በአፌ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ግን በአፌ የምነግረው ሰው የለኝም፤ ቢኖርም አልደፍርም።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ የምንኖረው ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ስድስት ቤተሰብ አንድ ቧንቧ በሚጋራበት የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነበር። ከእኛ ቤት ቀጥሎ አባባ ሰይድ ከልጅ ልጃቸው ከሐያት ጋር ይኖሩ ነበር። አባባ ሰይድ በወጣትነታቸው ከወሎ የመጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። ቀን በረንዳቸው ላይ የስፌት መኪናቸውን ሲረግጡ ይውሉና አመሻሽ ላይ የሰፉትን ይተኩሳሉ። ካውያቸው የከሰል ነው። መብራት ኖረም አልኖረም አይለውጡትም፤ «የኤሌክትሪኩ ልብሱን ያስፈራራዋል እንጂ አያሳምነውም» ይሉ ነበር።

እናቴ ሰንጋ ተራ ካለ አንድ ሕንፃ ጽዳት ሠርታ እስክትመለስ ድረስ፣ እኔና የግቢው ልጆች በረንዳው ላይ ተኮልኩለን እንጠብቃለን። አባባ ሰይድ ካውያውን ከፍተው ፍም ይሞሉና ወዲህ ወዲያ ሲያወዛውዙት ቀዳዳዎቹ ሁሉ ይቀላሉ፤ ውኃ በአፋቸው ይዘው ሱሪው ላይ እፍ ሲያደርጉበት ደግሞ እንፋሎቱ ከከሰሉ ጭስ ጋር ተቀላቅሎ ፊታችንን ያሞቀዋል። ያኔ ነው ተረቱ የሚጀመረው።

«ተረት ተረት!»

«የመሠረት!» ብለው ልጆቹ ሁሉ ወደ እኔ እየጠቆሙ ይጮሃሉ፤ ስሜ መሠረት ነውና። እኔ ሐያት ጀርባ እደበቃለሁ።

አባባ ሰይድ ግን አንድ ሕግ ነበራቸው። የትናንቱን ተረት አንዱ ልጅ ሳያጎድል ካልመለሰላቸው የዛሬውን አይናገሩም። ጥላዋን ለጎረቤቷ አውሳ ከዚያ በኋላ ቀን ቀን ከቤት መውጣት ያፈረችውን ሴትዮ ተረት ልጆቹ ይጀምሩታል፣ መሐል ላይ ይስቱታል፣ «እሱ አይደለም፣ እሱ አይደለም» እየተባባሉ ይጨቃጨቃሉ። በመጨረሻ ሐያት በክርኗ ትጎስመኛለች። እኔም መሬት መሬት እያየሁ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቃል ሳልጥል እመልሰዋለሁ።

«የዚች ልጅ ጆሮ ኪስ አለው» ይላሉ አባባ ሰይድ። ትምህርት ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ብሎኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ትምህርት ቤት ውስጥ አላነብም ነበር። አራተኛ ክፍል ደርሼ እንኳ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ሲሆኑ አውቃቸዋለሁ፣ ተሰብስበው ሲመጡ ግን ታክሲ ሲመጣ እንደሚጋፋ ሰው ይሆኑብኛል፤ የቱ ፊት የቱ ኋላ እንደሆነ ይጠፋኛል። ይህን የምታውቀው ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው ሐያት ብቻ ነበረች። ማታ ማታ ከተረቱ በፊት የነገውን ገጽ ሁለት ጊዜ ታነብልኛለች፣ እኔም እንደ ተረት እይዘዋለሁ። ቲቸር የሚያስነብበን በወንበር ተራ ስለሆነ፣ የትኛው አንቀጽ እንደሚደርሰኝ ቆጥራ በጣቷ ታሳየኛለች። ከዚያ ተነስቼ ጣቴን ፊደሉ ላይ እየጎተትኩ «አነባለሁ»። ስቀመጥ ጉልበቷን ከጉልበቴ ታጋጫለች፤ አለፍሽ ማለቷ ነው።

በዚያው ዓመት አንዲት ወጣት ሴት ከዩኒቨርሲቲ መጣች። ትምህርት የሚከብዳቸው ልጆች ከጓደኞቻቸው ጋር እንዴት እንደሚኖሩና ምን እንደሚሰማቸው ታጠናለች ተባለ። ቲቸር በጽሑፍ ፈተና ዝቅ ያለ ውጤት ያመጣነውን ልጆች ስም ሰጣት። እሷም በዕቃ ክፍሉ ውስጥ፣ የተሰበሩ ወንበሮች መሐል፣ አንድ በአንድ እየጠራች አነጋገረችን። ስትናገር ጎንበስ ትላለች። በካርድ ላይ የተሳሉ ፊቶች ዘረጋችልኝ፤ አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ አፉን ዘግቷል።

«መሲዬ፣ ጠዋት ትምህርት ቤት ስትገቢ የትኛውን ትመስያለሽ?»

አፉን የዘጋውን ነካሁ።

«በእረፍት ከማን ጋር ትጫወቻለሽ?»

«ከሐያት።»

«ሐያት ባትመጣስ?»

«ሽንት ቤት ቆሜ ደወሉን እጠብቃለሁ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «የምትነግሪኝ ሁሉ እዚህ ይቀራል። ስምሽ እንኳ አይጻፍም» አለችኝ።

«ለቲቸርም?»

«ለማንም።»

ሌላም ብዙ ጠየቀችኝ። ከእኔ ቀጥሎ የሚገባው ልጅ መጠበቅ ሰልችቶት በሩን በእግሩ ሲጠልዝ ትዝ ይለኛል።

በሦስተኛው ቀን የንባብ ክፍለ ጊዜ ነበር። የእኔ አንቀጽ ስለ ንቦች ነው፤ ሐያት በዋዜማው ሦስት ጊዜ አንብባልኝ ነበር። ተራዬ ደርሶ ስነሳ ቲቸር አጠገቤ መጣና መጽሐፌን ወስዶ ብዙ ገጽ ገለጠ።

«ከዚህ ጀምሪ መሠረት። ቀስ ብለሽ፣ ማንም አያስቸኩልሽም።»

ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ገጹ ላይ የተጫነ አህያ ተሥሏል፤ ከሥዕሉ በታች ያሉት ፊደሎች ተጋፉብኝ። ዝም ብዬ መቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ሌላ ስለማላውቅ ጣቴን ፊደሉ ላይ አድርጌ የያዝኩትን ጀመርኩ፦ «ንቦች ከአበባ ወደ አበባ እየበረሩ ማር ይሠራሉ…»

«ቲቸር፣ አህያው ማር እየሠራ ነው!» አለ አንዱ ከኋላ።

ክፍሉ በሙሉ አውካካ። ሌላው ደግሞ «ብሉቱዝ ናት እኮ! ሐያት ናት የምትልክላት!» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ብሉቱዝ ሆነ፤ እስከ ስምንተኛ ክፍል አልለቀቀኝም።

ቲቸር አስቀመጠኝና ዝቅ ባለ ድምፅ «በቃልሽ ይዘሽ እንደምትመጪ ተነግሮኛል። እንድትረጂ ነው» አለኝ።

ተነግሮኛል። ማንም በጥፊ አልመታኝም፣ ጉንጬ ግን ነደደ። አምኜ የሰጠሁትን ነገር በሌላ ሰው እጅ ላይ አየሁት።

በእረፍት ሐያት ተከትላኝ ወጣች።

«መሲ…»

«አንቺ ነሽ!» አልኳት፣ ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ። በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

«ወላሂ አልነገርኩም!»

«ከአንቺ ሌላ ማን ያውቃል?»

በልጆቹ መሐል አልፋ ሄደች።

ማታ እናቴ ስትገባ ዓይኔ አብጦ አየች፤ ነገሩን ከልጆቹ ሰማች። ጫማዋን ሳትቀይር አባባ ሰይድ በረንዳ ላይ ሄዳ ቆመች።

«አባባ ሰይድ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን ልጅዎ ልጄን የሰው መሳቂያ አደረገቻት።»

ካውያውን ቀጥ አድርገው አቆሙት። «ሐያት፣ ነይ። ተናግረሻል?»

«አልተናገርኩም አባባ።»

«መሲ፣ አንቺስ? እሷ መሆኗን በርግጥ ታውቂያለሽ?»

ፍሙ ሲንጣጣ ይሰማኛል። የሁሉም ዓይን እኔ ላይ ነው። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

አባባ ሰይድ ወደ ሐያት ዞሩ። «እዚህ በረንዳ ላይ የሰው ቃል መያዝ ነው የምትለምዱት ብዬ ነበር» አሉ። «ይቅርታ እስክትጠይቂያት ድረስ ከተረቱ የለሽበትም።»

«ያላጠፋሁትን ይቅርታ አልልም» አለች ሐያት፣ እያለቀሰች ገባች።

እንዳለችውም አላለችም። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ከበሩ መጋረጃ ኋላ ተቀምጣ ትሰማ ነበር፤ ሳሏን ለይቼ አውቀዋለሁ። እኔ ከመጋረጃው ፊት ሆኜ የትናንቱን እመልሳለሁ። አንድ ማታ መሐል ላይ ደርሼ ጠፋብኝ። ልጆቹ ይጠብቃሉ፣ አባባ ሰይድ ካውያውን ይዘው ይጠብቃሉ። ከመጋረጃው ኋላ ሐያት በሹክሹክታ ቀጣዩን ቃል ነገረችኝ። እንዳልሰማሁ ሆኜ ተነሳሁና ቤቴ ገባሁ።

ክረምቱ ሳይገባ ሰፈራችን ለልማት ይፈርሳል ተባለ። እነ ሐያት ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፣ እኛ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ተከራየን። ዕቃ የጫኑ ቀን ሐያት ከጭነት መኪናው ላይ ሆና አየችኝ። እጇን አላነሳችም።

ቲቸር እንዳለው ረዳኝ፤ በምሳ ሰዓት ብቻዬን እያስቀመጠ ሲያስጠናኝ ፊደሎቹ ቀስ በቀስ መሰለፍ ጀመሩ። ለዚህ ነው ዛሬ የምጽፈው። እናቴም ጎረቤቱም «ነገሩ ለበጎ ሆነ» ይላሉ። ይሆናል። ግን ለበጎ ከመሆኑ በፊት «ልናገርልሽ ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ዛሬም ሰው ድምፁን አለስልሶ «በእኔና በአንቺ መካከል ይቀራል» ሲለኝ ተነስቼ እሄዳለሁ። ከአባባ ሰይድ ተረቶች ግማሾቹ ጠፍተውብኛል። የሐያት «ወላሂ» ግን አንድ ድምፅ ሳይጎድል አለ።

ለእናቴም ለንስሐ አባቴም ያልነገርኩት ይህ ነው። ሐያት ለማንም አልተናገረችም። ያን ቀን በዕቃ ክፍሉ ያቺ ሴት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ስታየኝ፣ ከዚያ በፊት ማንም እኔን ለመስማት ያን ያህል ዝም ብሎልኝ ስለማያውቅ፣ ሁሉን በገዛ አፌ ነገርኳት፤ ሐያት እንደምታነብልኝ፣ አንቀጹን እንደምትቆጥርልኝ፣ እኔም በቃሌ እንደምይዘው። ቃሏን አፍርሳ ለቲቸር የነገረችው ያቺ ሴት ናት። «አንቺ ነሽ» ብዬ ሐያት ላይ ስጮህ ግን ይህን አውቅ ነበር። በረንዳው ላይ ራሴን ስነቀንቅም አውቅ ነበር።