ሩዝ ማሳ ላይ የያዝሁት ሽንት

የራሰ ሩዝና የጭቃ ሽታ በመጣብኝ ቁጥር የአሥር ዓመት ልጅ እሆናለሁ።

ፎገራ ሜዳ ላይ ከእናቴ ጋር ሩዝ እናርማለን። ዙሪያችን ውኃ ነው፤ መከለያ የሚሆን አንድ ቁጥቋጦ የለም። ወንዶቹም አጠገባችን ያርማሉ።

«እማዬ፣ ሽንቴ ወጠረኝ።»

«እስኪመሽ ቻይው። ውኃ አትጠጭ ብየሽ አልነበር?»

እግሬን አጣብቄ እየተንቀጠቀጥሁ ዋልሁ። እንዲህ ስከርም ሽንቴ እንደ እሳት ያቃጥለኝ ጀመር፤ ትኩሳትም ጣለኝ። እናቴ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ።

«ውኃ በደንብ ጠጪ፤ ሽንትሽ ሲመጣም አትያዢው» አለችኝ ነርሷ።

እናቴ አንገቷን ደፋች። «እኔንም እኮ ያቃጥለኛል፤ የሴት ወግ መስሎኝ» አለች። ያኔ አልገባኝም ነበር።

አሁን ማሳዬ ዳር በማዳበሪያ ከረጢት የከለልሁት መፀዳጃ አለ። የሚያርሙት ሴቶች ሁሉ ይገቡበታል። እናቴ ግን ዛሬም እስኪመሽ ትችላለች እንጂ አንድ ቀንም ገብታበት አታውቅም።