አጋዘን ነው ወይስ ፍየል?

ደሳንካ በግራብኒትሳ ከተማ ፖስታ ቤት ሃያ ዘጠኝ ዓመት እሽግ ስትመዝን ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ሰው «ሚዛንሽ አጋደለ» ብሏት አያውቅም። ጎረቤታሞች በአጥር ወሰን ሲጣሉ፣ ሴቶቹ የማን ጥቅል ጎመን ይበልጣል ብለው ሲነታረኩ፣ «ደሳንካ ትየው!» ይባላል፤ እሷ ካለች አለቀ። እንግዲህ ይህችን የመሰለች ሴት ባሏን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየቅዳሜው ምሳ ላይ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ ስታታልል ኖረች ቢባል ማን ያምናል?

ባሏ ቪቶሚር ጀርመን አገር፣ ሽቱትጋርት ውስጥ ሃያ ዓመት ግንበኛ ሆኖ የሠራ ሰው ነው። ሲመለስ ይዞ የመጣው የታመመ ወገብና አንድ ፍቅር ነበር። ፍቅሩ የአጋዘን ቢራ ነው፤ ጠርሙሱ ላይ ቀንዳም አጋዘን የተሳለበት፣ የሸክላ ክዳኑ በሽቦ የሚቆለፍ።

ጉዱ የመጣው የከተማው ቢራ ፋብሪካ ያንኑ አጋዘን በፈቃድ እዚሁ ዳገቱ ላይ መጥመቅ የጀመረ ጊዜ ነው። ብቅሉ ያው፣ ጌሾው ያው፣ እርሾው ያው፣ ሥዕሉ ያው፤ ውሃው ብቻ የእኛ። ቪቶሚር በምረቃው ቀን አንዴ ተጎንጭቶ ብርጭቆውን አስቀመጠና በሰው ሁሉ ፊት፣ «ይሄ አጋዘን አይደለም፤ ፍየል ነው!» አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ የፋብሪካው ቢራ በከተማው ሁሉ «ፍየል» ሆኖ ቀረ። በዚህ ቀልድ የማይስቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ብላጎዬ። ሠላሳ ዓመት በዚያ ፋብሪካ ጠማቂ ነበራ! ችግሩ ደግሞ ልጁ የቪቶሚርን ልጅ አግብታለች። አማቾች ናቸው፤ መጣላት አይችሉም፣ መስማማትም አይሆንላቸውም።

የቪቶሚርን ቢራ ከጀርመን የሚያመጣለት የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። በወር አንድ ሳጥን ፖስታ ቤት ለደሳንካ ጥሎላት ያልፋል። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ሹፌሩ መንገዱን ተወው። ደሳንካ ይህን ለባሏ ልትነግረው ፈልጋ ነበር፤ ግን በዚያ ሰሞን ወገቡ ተነሥቶበት ሰው አላናግር ብሎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። ቅዳሜ ምሳ ላይ ብቻ፣ የጠርሙሱ ሽቦ ቷ! ሲል፣ ሰውየው ሌላ ሰው ይሆናል። ስለ ተንሸራተተው መሰላል፣ ባልዲ ሙሉ ጀሶ ራሱ ላይ ስለተደፋበት አለቃው ያወራል። ደሳንካ መቶ ጊዜ ሰምታዋለች። ይሁንና እሱ ገና ሳይጨርሰው በሳቅ ሲፈርስ፣ ያ ትልቅ ሪዙ ከፍ ዝቅ ሲል፣ እሷም ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ያቺን ቅዳሜ ማጣት አልቻለችም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

እናም እንዲህ ሆነ። ቅዳሜ ጠዋት ቪቶሚር ሪዙን ሊያስተካክል ፀጉር ቤት ይሄዳል። እሱ በፊት ለፊት በር ሲወጣ እሷ በጓሮ በር፣ ክዳን ያለው ጆግ ከሻርፗ ሥር ደብቃ፣ ዳገቱን ትያያዘዋለች። ፋብሪካው በር ላይ ድራፍት ታስቀዳለች፤ ጉልበቷን እየረገመች ትወርዳለች፤ ምድር ቤት ገብታ ባዶዎቹን የጀርመን ጠርሙሶች ሞልታ ሽቦውን ትቆልፋለች። ምሳ ላይ ቪቶሚር ይጎነጭና ዓይኑን ይጨፍናል።

«እህህ! ይሄን ያ ብላጎዬ ቢቀምሰው እኮ በኀፍረት ያለቅሳል» ይላል።

ደሳንካ ሳቋን ለመደበቅ ሾርባ ልትጨምር ትነሣለች። እሷ ራሷ ቢራ በአፏ ዞሮ አያውቅም፤ ከጠጣችም የፕለም አረቄ ነው።

ዘንድሮ የቤታቸው ጠባቂ ቅዱስ በሆነው በጊዮርጊስ ዕለት፣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ፣ ጠቦቱ ተጠብሶ፣ ሁሉም ቀበቶውን ማላላት በጀመረበት ሰዓት ብላጎዬ ከመኪናው ሁለት የአጋዘን ጠርሙስና አንድ ትልቅ ጆግ ይዞ ገባ።

«አማቼ» አለ ቆሞ፣ «አሥራ አምስት ዓመት ሰደብከኝ። ዛሬ ወይ ታረጋግጣለህ ወይ አፍህን ትዘጋለህ።»

«ምን ይዘህ መጣህ ደግሞ?»

«ጠርሙሱ የእህቴ ልጅ በከባድ መኪናው ከዚያው ከጀርመን ያመጣው ነው። ጆጉ ዛሬ ጠዋት ከፋብሪካው የተቀዳ፣ ያ አንተ ፍየል የምትለው። ዓይንህ ይታሰርና ለይልኝ!»

«ተኝቼም እለየዋለሁ!»

«ባትለይስ?»

«ባልለይ…» ቪቶሚር ዙሪያውን አየ። ሰው ሁሉ ሹካውን አስቀምጦ ያየዋል። እጁ ወደ ሪዙ ሄደ። «ባልለይ ይሄን እላጨዋለሁ!»

«ኧረ በስመ አብ!» አለች አንዷ አክስት። ያ ሪዝ ከወታደርነቱ ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው። ደሳንካ እንኳ በአርባ አንድ ዓመት ትዳሯ ከሥሩ ያለውን ከንፈር አይታው አታውቅም።

«አንተስ ብትረታ?» አለው ቪቶሚር።

«እኔ ከተረታሁ ገበያ መሐል ቆሜ፣ ሠላሳ ዓመት ፍየል ጠባቂ ነበርኩ ብዬ እለፍፋለሁ!»

«ማን ይቅዳ?»

«ደሳንካ ትቅዳ!» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ። «የደሳንካ እጅ አይዋሽም!»

ደሳንካ አንዱን ጠርሙስና ጆጉን ይዛ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ሁለት ብርጭቆ፣ አንድ ጠርሙስ፣ አንድ ጆግ። ነገሩ እንደ ሚዛን ግልጽ ነበር፤ የባሏ ምላስ አሥራ ሁለት ዓመት የተማረው ፍየሉን አጋዘን ማለት ነው። በትክክል ከቀዳች ሪዙ ሄደ። ሪዙ ይሂድ፣ ይበቅላል፤ ቅዳሜዎቹ ግን ተመልሰው አይበቅሉም። ቀድታ ሲያበቃ የግራውን ቀኝ፣ የቀኙን ግራ ነው ማለትስ? ሃያ ዘጠኝ ዓመት ያልዋሸች እጅ እንቢ አለቻት። በመጨረሻ፣ ኋላ ላይ ስታስበው ለራሷም የሚገርማትን ነገር አደረገች፤ ሁለቱንም ብርጭቆ ከጆጉ ሞላች። የቱንም ቢጠቁም «እሱ ነው» ማለት ብቻ ነው!

ቪቶሚር ዓይኑ በናፕኪን ታስሮ እንደ ጳጳስ ተኮፍሶ ተቀምጧል። የመጀመሪያውን ጎንጨት አደረገ። ሪዙ ላይ ያለውን አረፋ ላሰ። ሁለተኛውን ያዘ። ተጎነጨ። ግንባሩን ቋጠረ። ወደ መጀመሪያው ተመለሰ።

«ደሳንካ» አለ።

«አቤት?»

«ተሳስተሻል።»

«ማ፣ እኔ?»

«አንቺ! ሁለቱም አንድ ናቸው። ሁለቱም አጋዘን። ፍየሏን ረስተሻታል!»

ብላጎዬ እንደ ወጣት ዘሎ ወጥ ቤት ገባ። ሲመለስ በአንድ እጁ የጀርመኑን ጠርሙስ፣ በሌላው የጎደለውን ጆግ ከፍ አድርጎ ነበር።

«ኧረ እዩልኝ! ሽቦው እንኳ አልተነካም! አጋዘኑ ገና ከጫካ አልወጣም! የጠጣኸው ሁለቱም ፍየል ነው፣ አንተ ሽማግሌ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ቪቶሚር ናፕኪኑን ከዓይኑ መንጭቆ ጣለው፤ ጠርሙሱን ነጥቆ ከፈተና በቁሙ ተጎነጨ። ፊቱ ተጨማደደ።

«ይሄ ነው ፍየል! ወዲህ አምጡ የእኔን!»

ምድር ቤት ወርዶ ከራሱ ጠርሙሶች አንዱን አመጣ፤ ቷ! አደረገው፤ ቀመሰ፤ ከጆጉ ቀመሰ፤ ጠረጴዛውን መታ።

«ያውና! የእኔና የጆጉ አንድ ናቸው! ብላጎዬ፣ አንተ ሌባ! ጀርመኑን ጆግ ውስጥ ገልብጠህ፣ ፍየልህን ጠርሙስ ውስጥ ጨምረህ መጣህብኝ! በዓሌ ላይ! ቤቴ ድረስ!»

ሳቁ ቀጥ አለ። ብላጎዬ ፊቱ ቀይ ሥር መሰለ። በዕድሜው ሌባ ያለው ሰው የለም። ኮቱን ከወንበሩ አነሣ፤ ልጁ «አባዬ!» ብላ ክንዱን ያዘች። ደሳንካ እዚህ ላይ መቆም አልቻለችም። ባሏን ማስደሰት አንድ ነገር ነው፤ ያልሰረቀ ሰው ሌባ ሲባል መስማት ግን የእሷ ሚዛን የሚችለው አልነበረም።

«ብላጎዬ፣ ተቀመጥ» አለች። «ሌባዋ እኔ ነኝ።»

«ምን?» አለ ቪቶሚር።

«ሹፌሩ መንገዱን ከተወ አሥራ ሁለት ዓመቱ። ከዚያ ወዲህ ጀርመን የሚባል ቢራ እዚህ ቤት ገብቶ አያውቅም። ጠርሙሱን እኔ ነኝ የምሞላው። ፋብሪካው በር ላይ ያለው ሰውዬ ከሩቅ ሲያየኝ ገና ቧንቧውን ይከፍታል።»

«አንቺ… ፍየል… ለእኔ?»

«ለአንተ። ወገብህን ታመህ ግድግዳ ስታይ ትውል ነበር። ቅዳሜ ብቻ ነበር የምትስቀው። ምን ላድርግ?»

ቪቶሚር ተቀመጠ። ጠርሙሱ ላይ ያለውን አጋዘን አየ፤ ሚስቱን አየ።

«መቼ ነው የምትሄጂው?»

«ፀጉር ቤት ስትሄድ።»

«በእግርሽ? ያን ዳገት? በዚያ ጉልበትሽ?»

«ታዲያ በምን ልሂድ፣ በአጋዘን?»

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው ሪዙ ነው። ጫፉ ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ትከሻው። ከዚያ ያ የመሰላሉ ታሪክ ላይ የሚስቀው ሳቅ መጣ፤ ከእሱ የበለጠ፤ ጠረጴዛውን እየደበደበ፣ እንባውን እየጠረገ፣ «አሥራ ሁለት ዓመት! ፍየል!» እያለ። ብላጎዬ ኮቱን ወረወረና የአማቹ አንገት ላይ ተጠመጠመ። አክስትየዋ ሳቅ ሲያፍናት ጀርባዋን መቱላት።

ሲረጋጉ ብላጎዬ፣ «በሉ ምላጭ አምጡ!» አለ።

«የምን ምላጭ?» አለ ቪቶሚር። «አንድ ናቸው አልኩ፤ አንድ ነበሩ! ምላሴ ረታ!»

«አጋዘን ናቸው አልክ፤ ፍየል ነበሩ! ሪዝህ ተረታ!»

«አንድ ናቸው አልኩ!»

«አጋዘን አልክ!»

«ደሳንካ ትየው!» አለ ልጃቸው፤ ያን ሁሉ ጉድ ከሰማ በኋላ እንኳ።

ደሳንካ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ፣ ልክ የሚዛኑን ቀስት እንደምትመለከት፣ የባሏን ፊት መዘነች።

«ግማሹን ልክ ተናግሯል፤ ግማሹን ስቷል» አለች። «ግማሹ ይላጭ።»

ግራው ተላጨ። ጠማቂው ብላጎዬ ራሱ በገዛ እጁ፣ በሳቅ እየተንቀጠቀጠ ላጨው፤ ደም አለመውጣቱ የቅዱሱ ተአምር ነው። ከግራ በኩል ሲታይ ቪቶሚር ደሳንካ ከዚህ በፊት አግኝታው የማታውቀው፣ ከንፈሩ ስስ የሆነ፣ አፋር ሰው ሆነ። ደጋግማ በዚያ በኩል አየችው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ደሳንካ ጆጉን ብትፈልገው የለም። በመስኮት ብታይ ቪቶሚር ወገቡን ይዞ ዳገቱን ይወጣል፤ ባርኔጣ የለ፣ ሻርፕ የለ፤ ግማሽ ሪዙን ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ ጆጉን በግልጽ አንጠልጥሎ። ከየአጥሩ ሰው ይጮህበታል።

«ቪቶሚር! ግማሹን ማን በላው?»

«ፍየል!» ይላል ሳይቆም።

ምሳ ላይ ሁለት ብርጭቆ ከፊቷ አስቀመጠ። በአንዱ ብላጎዬ ካመጣው የተረፈውን የጀርመኑን፣ በሌላው የጆጉን ቀዳ።

«እስከ ዛሬ አንቺን የጠየቀሽ የለም» አለ። «ቅመሺና ፍረጂ። የትኛው ይሻላል?»

ደሳንካ ከአንዱ ተጎነጨች፤ ፊቷን ኮሶ እንደጠጣች አኮማተረች። ከሌላው ተጎነጨች፤ ያው አኮማተረች። ብርጭቆዎቹን ጎን ለጎን አድርጋ ትንሽ አየቻቸው። ከዚያ የጆጉን ብርጭቆ ወደ ራሷ ሳበችው።

«ይሄ» አለች።

«ፍየሉ? ለምን?»

«አንተ ተሸክመህ ያመጣኸው ነው።»