ቅቤ ነጋዴዋ እናናዬ እና የጀርመኖቹ ቤተ ክርስቲያን

እናናዬ ቅቤ ነግዳ አታውቅም። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ውስጥ ይሄን የሚያውቁት እሷና ልጇ ሐምራዊት ናቸው። የልጇ ባል ቢሩክም ያውቃል፤ ግን እንዳላወቀ መሆን ይችልበታል።

እናናዬ ናዝሬት ጠላ ጠማቂ ነበረች። ደጇ ላይ እንጨት ተክላ ጣሳ ደፍታበት፣ ጋኗን በወይራ አጥና፣ ባሏ ጥሏት ከሄደ በኋላ ሐምራዊትን ያሳደገችውም ኮሌጅ ያስገባቻትም በዚያችው ጋን ነው። የእሷን ጠላ የቀመሰ ሌላ ደጅ አይረግጥም ይባል ነበር። ይባል ነበር ያለችው ራሷ ናት፤ ቢሆንም ይታመናል።

ሐምራዊት ጌታን አገኘች፣ አሜሪካ ገባች፣ ቢሩክን አገባች። ቢሩክ ግሮቭፖርት ዌርሃውስ ውስጥ ሱፐርቫይዘር ነው፤ እሑድ እሑድ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። የመጠጥ ነገር ሲነሣ ፊቱ ይጠቁራል። እናናዬ በ2020 መጀመሪያ፣ ኮቪድ ሁሉን ነገር ሳይዘጋው፣ ፎረስት ፓርክ ሰፈር እነሱ ቤት ገባች። በመጀመሪያው እሑድ ቤተ ክርስቲያን እትዬ ዓለምነሽ፣ ያቺ ጸሎቷ የማያልቀው፣ አገር ቤት ሥራዋ ምን እንደነበር ጠየቀቻት። እናናዬ አፏን ሳትከፍት ሐምራዊት "ቅቤ ነጋዴ ነበረች" ብላ ቀደመቻት።

ከዚያማ መከራዋን አየች። ሴቱ ሁሉ ከስቶር ቅቤ እየተሸከመ ያንጥሩልን ይላታል። የመጀመሪያውን አሳረረችው። የአሜሪካ ላም አመለኛ ናት አለቻቸውና አመኗት።

የሚያመልኩበት ቤት ከዳውንታውን ወደ ደቡብ ያለ፣ በቀይ ጡብ የተሠራ፣ የድሮ ጀርመኖች የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ነው። ጀርመኖቹ አልቀው ጥቂት ሽማግሌና አሮጊት ቀርተዋል። ጧት እነሱ ይገባሉ፣ ከሰዓት ሐበሾቹ። ሐበሾቹም ከአገራቸው ጀምሮ ሉተራን ናቸውና በሰላም ይኖራሉ፤ በፓርኪንግ ካልሆነ አይጣሉም።

በ2021 ቤቱ እንደገና ሲከፈት እናናዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚስ ዶሪስ ጋር ማጽዳት ጀመረች። ሚስ ዶሪስ ከቀሩት ጀርመኖች ዋናዋ ናት፤ ሰማንያን አልፋለች። አንዷ በአማርኛ ታወራለች፣ ሌላዋ በእንግሊዝኛ። የሚግባቡት ነገር የለም፤ ዝም የሚሉበት ጊዜም የለም። ቤዝመንቱ፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ጺሙ ደረቱ ላይ የወረደ፣ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ የሚገባ ሰውዬ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። እናናዬ የመጀመሪያው ቄስ መስሏት "ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ" እያለች መስታወቱን ትወለውለዋለች።

በዚያው ዓመት አንድ አዛውንት ሞቱና ቢሩክ የሕይወት ታሪካቸውን አነበበ። የት እንደተወለዱ፣ በምን ሥራ እንደኖሩ፣ ሁሉንም። እናናዬ ከቀብር መልስ ልጇን ያዘቻት።

"እኔም ስሞት 'ቅቤ በመነገድ ይተዳደሩ ነበር' ሊል ነው። የሌላ ሴት ታሪክ አንብባችሁ ልትቀብሩኝ ነው?"

ሐምራዊት "ሰው ምን ይላል?" አለቻትና በነርስነት ወደምትሠራበት ዎርዝንግተን ሄደች። ነገሩ በዚያው ታለፈ።

በ2022 ቤተ ክርስቲያኑ መቶ ሃምሳ ዓመት ሞላው። ሁለቱም ወገን አንድ ላይ እንዲያከብሩ ተባለና ታሪኩን በአማርኛም በእንግሊዝኛም እንዲያቀርብ ቢሩክ ተመረጠ። ሚስ ዶሪስ ጋ ሄዶ ጠይቆ ሲመለስ ግን እራቱን ገፋ አደረገው። ለካ ያ ቤዝመንት ያለው ሰውዬ ቄስ አይደለም፣ ቢራ ጠማቂ ነው። መሬቱን የሰጠው እሱ፣ ጡቡን የገዛው እሱ፣ ግንበኞቹን ማታ ማታ በቢራው ያሳረፈው እሱ። ኋላ አሜሪካ መጠጥ ስትከለክል የቢራ ፋብሪካው ተዘጋ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግን ቆሞ ቀረ። ቢሩክ ይሄን ሁሉ ለሚስቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚነግራት። እናናዬ ጆሮዋን እንደ ድመት አቁማ ትሰማለች።

"ታዲያ ምን ብለህ ልትጽፈው ነው?" አለችው።

"ነጋዴ ነበር እላለኋ፣ እማማ።"

"የምን ነጋዴ?"

"እንዲያው ነጋዴ።"

"ቅቤ በለዋ" አለችው።

ሐምራዊት ማንም ሳይጨርስ ሳህኑን ማንሳት ጀመረች።

የበዓሉ ቀን ቤቱ ጢም አለ። ሐበሻው ነጠላውን ለብሷል፣ ጀርመኖቹ ፊት ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ቢሩክ በአማርኛ አነበበ፣ "አንድ ደግ ነጋዴ" ብሎ አለፈ። በእንግሊዝኛም ያንኑ ሲል ሚስ ዶሪስ ከተቀመጠችበት አቋረጠችው። ቢራ ነበር የሚጠምቀው፣ አያቴ ጥሩ ቢራ ነበር ይል ነበር አለች። ጀርመኖቹ ሳቁ። ሐበሾቹ ወለሉን አዩ።

ይሄኔ እናናዬ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች።

"ቢሩክ ልጄ፣ ለሚስ ዶሪስ ንገርልኝ። እኔም ጠማቂ ነኝ በልልኝ።"

ቢሩክ ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋ። ከዚያ በእንግሊዝኛ እናታችን ታመሰግናለች አለ።

"ታንክዩ አላልኩም" አለች እናናዬ። ከእንግሊዝኛ ያቺን ቃል እንኳ ታውቃለች።

ሐምራዊት ከመዘምራኑ መካከል ወጥታ መጣች። እናትየዋ ልታስቀምጠኝ ነው ብላ ወንበሩን ያዘች። ሐምራዊት ግን ከባሏ እጅ ማይኩን ወሰደችና በእንግሊዝኛ ተናገረች፤ እናቴ ጠላ የሚባል የአገራችንን ቢራ ትጠምቅ ነበር፣ ነርስ የሆንኩት በእሱ ነው አለች። ከዚያ ወደ ሐበሾቹ ዞረች።

"እናቴ ቅቤ ነግዳ አታውቅም። እኔ ነኝ ያልኩት። ስታሳርርባችሁም አልገረማችሁም?"

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አልታወቀም፤ ቅቤው ያረረባት ሴትዮ ናት የሚሉ አሉ። ቢሩክ አልሳቀም፤ ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ ግን ወረቀቱ ላይ "ነጋዴ" የሚለውን ሰረዘ።

ከምሳ በኋላ ሚስ ዶሪስ እናናዬን እጇን ይዛ ቤዝመንት ወሰደቻትና ፎቶው ፊት አቆመቻት። ሁለቱም እንደ ልማዳቸው በየቋንቋቸው ብዙ አወሩ። እናናዬ ሰውዬውን ከጺሙ እስከ ሆዱ አየችውና፣ የሙያ ጓደኛዬ ሆኖ ሳለ ነው ለካ በቄስ ወግ ሳከብረው የኖርኩት አለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መስታወቱን ስትወለውል እትዬ ዓለምነሽ ደረጃውን ቀስ ብላ ወረደች። ግራ ቀኝ አየች።

"እናናዬ፣ ለመሆኑ ጌሾው ስንት ቀን ነው የሚቆየው?"

"ምን ሊያደርግልሽ?"

"ኧረ እንዲያው፣ ለማወቅ ነው።"

እናናዬ ጨርቋን አጠፈችና ወንበር ሳበችላት።