የመምህር ሣህሉ ንጽጽር

የሰባ ስድስት ነሐሴ ነበር። ወይስ ሐምሌ? ባሕር ዳር ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ቀይ ቀለም ስትቀባ ስለነበር ነሐሴ ሳይሆን አይቀርም፤ ዝናቡን ላስታወሰ ግን ሐምሌ ነው።

የአንድ አሣ አስጋሪዎች ማኅበር ታይፒስት የነበረችው እናትዓለም በዚያ ክረምት አንድ የእንግሊዝኛ ሪፖርት እንድትመታ ታዘዘች። የማኅበሩ መረብ ከጥገና ብዛት ቋጠሮ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። አዲስ መረብ ሊሰጡ ያሰቡ የውጭ ሰዎች፣ የዘንድሮው አሣ ከአምናው ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሆነ ጠይቀዋል። መረቡ ካልመጣ ሥልሳ አባወራ ጦሙን ማደሩ ነው።

የማኅበሩ ካድሬ ጓድ አበራ ግን አምናን አይወድም። ለእሱ ማንኛውም ነገር፣ የጫማ ቀለምም ቢሆን፣ የሚነጻጸረው ከአብዮቱ በፊት ከነበረው ጋር ነው። ማኅበሩ ያኔ አልነበረምና "ዜሮ" ብሎ ሞላ፤ ከዜሮም ተነሥቶ ምርቱን መቶ እጥፍ አሳደገው። አሣው ይህን ያህል ከተትረፈረፈ መረብ ለምን ይለመናል? ይህ በጓድ አበራ ጭንቅላት አላለፈም። ብዙ ነገር አላለፈበትም።

እንግሊዝኛውን እንዲያቀና የተጠራው መምህር ሣህሉ ነው፤ የይፋግ ሰው፣ ቅኔ ቤት አድጎ በኋላ የእንግሊዝኛ አስተማሪ የሆነ። ረቂቁን አንብቦ መነጽሩን አወለቀ።

"ጓድ፣ ንጽጽር ሚዛን ነው። በእንግሊዝኛም ያው ነው። በአንዱ ጎን አሣ ካስቀመጥን በሌላውም አሣ እንጂ ንጉሥ አይቀመጥም።"

"ቅኔህን ተወውና ጻፍ" አለ ጓድ አበራ። "'ሲነጻጸር' የሚለው በየገጹ ይኑር።"

ሣህሉ እየነገራት እናትዓለም መታችው። ዘንድሮ ከአምና ጋር፣ አሣ ከአሣ ጋር፤ ምርቱ በግማሽ ቀንሷል።

"እንዳልሁህ ጻፍኸው?"

"እንደሚጻፈው ጻፍሁት።"

ጓድ አበራ እንግሊዝኛ አያነብም። 'ሲነጻጸር' ማለት ናት የተባለችውን ቃል ብቻ በጣቱ እያሳደደ ቆጠረ፤ አሥራ አንድ ጊዜ አገኛትና ረክቶ ማኅተሙን አሳረፈ።

መረቡ በኅዳር መጣ። ጓድ አበራ ሊመሰገን ሪፖርቱን ይዞ አለቆቹ ዘንድ ቢቀርብ፣ አንዱ የተማረ ጮክ ብሎ ተረጎመለት። ከዚያ ጥፋተኛ ፍለጋ ተመለሰ። በወረቀቱ ግርጌ የአርቃቂውና የታይፒስቷ ስም መነሻ ፊደላት ይመቱ ነበር፤ የእናትዓለም ግን በምላጭ ተፍቋል። የቀረው የሣህሉ ብቻ ነው።

በሳምንቱ መምህሩ ወደ ጎርጎራ ተዛወረ ተባለ። እናትዓለም መቼ እንደፋቀው፣ ለምንስ እንዳልነገራት ልትጠይቀው ወደ ወደቡ ገሠገሠች። ስትደርስ ጀልባዋ ከዳር ርቃ ነበር።