የባለቤቴ እጅና የቦዲቲዋ ቅቤ ነጋዴ

ባለቤቴን ቀብረን በተቀመጥንበት ድንኳን ውስጥ ከእኔ በላይ ያለቀሰች አንዲት ሴት ነበረች። ቦዲቲ ገበያ ቅቤ የምትሸጥ፣ በዕድሜ ከእኔ የምታንስ ሴት። ምንጣፉ ላይ ተደፍታ፣ "ያ እጅ! ያ እጅ አፈር ገባ!" ትላለች። አጠገቤ የነበረችው የባሌ እህት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣

"ይቺ ደግሞ እጁን ከየት ታውቀዋለች?" አለችኝ።

ልታስቀኝ ብላ ነው። እኔን ግን እንደ እሾህ ወጋኝ።

ከየት እንደምታውቀው አውቃለሁ። ባለቤቴ እዚሁ ሶዶ አዋላጅ ነርስ ነበር። የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ቀን ራት ላይ ሁሉን ነግሮኛል። ስሟን አልጠራም፤ "ቅቤ ነጋዴዋ" ነው ያላት። ከዚያ ወዲህ ግን በየመስቀሉ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ስለምትልክ ማን እንደሆነች ለማወቅ አልተቸገርኩም። ቅቤው ጥሩ ነበር። ጥሩ መሆኑም ያናድደኝ ነበር።

ከወለደች በኋላ ደሟ አልቆም ብሎት ነበር። "ማህፀን እንደ ቃጫ ጆንያ ነው" አለኝ ያን ቀን። "ክሮቹ እርስ በርስ ተጠላልፈዋል፤ ደም ስሮቹ በመሀላቸው ሾልከው ያልፋሉ። እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ክሩ ከላላ ደም ስሩ እንደተከፈተ ቧንቧ ይፈሳል። መርፌው ክሩን ያጠብቀዋል፣ ክሩም ደም ስሩን አንቆ ይይዘዋል።" የደም ስሩን ራሱን የሚያኮማትር ሌላ መድኃኒትም ነበር። ግን እሱ የማህፀኑን ብቻ ሳይሆን የመላ አካልን ደም ስር ያጠባል፤ ሴትዮዋ ደግሞ የደም ግፊት ነበረባት። ስለዚህ የመጀመሪያውን ወግቷት፣ መርፌው እስኪሠራ ሆዷን በእጁ እያሸ ጠበቀ።

"መጀመሪያ እንደ ሊጥ ነበር" አለኝ። "በኋላ እጄ ሥር እንደ ጎደሬ ጠነከረ። መልስ ሰጠኝ!"

ፊቱ በርቶ ነበር። በእኔ የተነሳ እንዲያ ሲበራ አላየሁትም። እኔን ልጆቼን ስወልድ አልነካኝም፤ "የራሴን ሚስት አላዋልድም" ብሎ ለባልደረቦቹ ሰጥቶኝ እሱ ውጭ ቆመ። ብዙ እናቶች የሚያውቁትን እጅ በወሊድ ጊዜ የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ዘንድሮ ያቺው ሴት ሆዷ ገፍቶ ቤቴ መጣች። ቅቤም ይዛለች። እናቷ ቤት፣ ቦዲቲ እንደምትወልድ ነገረችኝ።

"ሆስፒታልስ?" አልኳት።

"ያ እጅ ከሌለ እዚያ ሄጄ ምን እሠራለሁ እትዬ? እኔን ያተረፈኝ እሱ ነው።"

በመጀመሪያ ደስ አለኝ። ለእሷም የለም፣ ለእኔም የለም አልኩ በልቤ። ቀጥሎ ግን የላላውን ክርና የተከፈተውን ቧንቧ አሰብኩ። እናቷ ቤት መርፌ የለም።

"ያተረፈሽ መርፌው ነው" አልኳት። "እጁማ እስኪሠራ ድረስ ይዞ ጠበቀልሽ። የተማረ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው።"

"እትዬ፣ እጁን አሳነሱት እኮ።"

"አሳነስኩት። እኔን ያዋለዱኝ ሌሎች ናቸው። ይኸው አልሞትኩም።"

አይኗ ፈጠጠ። "እሱ? እርስዎን አላዋለደም?"

"እጄ ይንቀጠቀጣል ብሎ እምቢ አለ።"

ቅቤውን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣ "ለእኔ ግን ምንም አልተንቀጠቀጠም" አለች ቀስ ብላ። ልታጽናናኝ ይሁን ልትኩራራብኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

"በይ፣ ሆስፒታል ስትደርሺ ያኔ ግፊት ነበረብኝ ብለሽ ንገሪያቸው" አልኳት። "እሺ፤ ግን ብቻዬን እፈራለሁ" ስላለች ምጧ ሲመጣ እኔው አብሬያት ገባሁ።

ያዋለደቻት ልጅ እግር የሆነች አዋላጅ ናት። ግፊቷን ለካች፣ ልጁ እንደወጣ ጭኗ ላይ ወጋቻት፣ እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ሆዷን አሸች። ሴትዮዋ ጣራውን እያየች፣ "እንደሱ አይደለም" አለችኝ። ቅናቴ ተነሳ። እሷ ልዩነቱን ታውቃለች።

በአጠገባችን ሌላዋ ወላድ ስትጮህ አዋላጇ ወደዚያ ከመሄዷ በፊት እጄን ይዛ ከቅቤ ነጋዴዋ እንብርት አጠገብ አስቀመጠችው።

"እናቴ፣ እዚህ ጋ ይያዙልኝ። ከላላ ይሹትና ወዲያው ይጥሩኝ።"

ያ እጅ ያረፈበት ቦታ ነበር። መዳፌ ሥር ትንሽ ለሰለሰብኝ። ልጣራ አፌን ስከፍት፣ እጄ ማሸቱን ሳያቆም፣ ማህፀኗ ቀስ በቀስ እየከበደ መጣና እንደ ጎደሬ ጠነከረ። ያን ቀን ፊቱ ለምን እንደበራ ያኔ ገባኝ።

አዋላጇ ተመልሳ ነካችና፣ "ጎበዝ፣ ይበቃል፣ ያንሱት" አለችኝ።

"ትንሽ ልያዘው" አልኳት።